መጨረሻው ማን ነው?

ፉሉ ኬክ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ሰልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። በሩ ዝግ ነው። ማዶ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ሽማግሎች ዶሚኖ ይጫወታሉ። አንዲት ሴትዮ የመድኃኒት ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትሞርዳለች፤ ሌሎች ሰባት ስምንት ሰዎች ደግሞ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተበታትነው ወሬያቸውን ይሰልቃሉ። አንዳቸውም ፊታቸውን ወደ በሩ አላዞሩም። የኩባዋን ከተማ የሲየንፉዌጎስን ሰው ጠባይ የማያውቅ ቢያያቸው ኬክ በሕልማቸውም ያለፈ አይመስለውም።

ደግነቱ ኦዳሊስ ጠዋት አስጠንቅቃታለች። ኦዳሊስ የተማሪዎች ማደሪያው ወጥ ቤት ኃላፊ ናት፤ ስታወራ ጭልፋዋም አብሯት ያወራል።

«ስሚኝ የኔ ቆንጆ» ነበር ያለቻት። «እንደደረስሽ ‹መጨረሻው ማን ነው?› ብለሽ ጩኺ። እጁን የሚያወጣውን ሰው መልኩን ያዢ። ከአንቺ በኋላ የሚመጣው ሲጠይቅ ደግሞ አንቺ እጅሽን አውጪ። በቃ፣ ወረፋ ያዝሽ ማለት ነው፤ ከዚያ ብትቀመጪም ብትጨፍሪም የራስሽ ጉዳይ። ብቻ ከኋላሽ ላለው ሰው ሳትነግሪ እንዳትሄጂ! አንቺ ከጠፋሽ ከኋላሽ ያለው ሁሉ ጠፋ።»

ማታ የኦዳሊስ ልጅ የዩሲሚ አሥራ አምስተኛ ዓመት ልደት ነው። ኩባ ውስጥ አንዲት ልጅ አሥራ አምስት ዓመት የሚሞላት በትልቅ ድግስ፣ ያውም አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ ሽር ጉዱ የሠርግ ያህል ነበር። ቀሚሱ ተከራይቷል፣ ፎቶ አንሺው ተቀጥሯል፣ ጎረቤት ወንበሩን አውጥቷል። የቀረው ኬኩ ብቻ ነው፤ እሱን ማምጣት ደግሞ ለፉሉ ተሰጠ።

ፉሉ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ሐኪም ልትሆን ከደቡብ አፍሪካ፣ ከቶሆያንዱ ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ሲሆን የመጀመሪያው ዓመት ስፓኒሽ ብቻ የሚማሩበት ነው። የሚነገራትን ከሞላ ጎደል ትሰማለች። መናገሩን ግን ተሳስቼ ይስቁብኛል ብላ ትፈራለች። አስተማሪዋ ስትጠይቃት ራሷን በመነቅነቅ ትመልሳለች፣ ሱቅ ገብታ በጣት ትጠቁማለች። እናቷ በየእሑዱ ስትደውል ግን፣ «ስፓኒሽ? አቀላጥፌ ነው የምናገረው!» ትላለች። ስለዚህ ኦዳሊስ የኬኩን ጉዳይ ለእሷ በአደራ ስትሰጥ ደስታውም ፍርሃቱም እኩል ነበር።

መንገዱን ሙሉ ያጠናቻትን ዓረፍተ ነገር አሁን ዓይኗን ጨፍና ለቀቀቻት።

«መጨረሻው ማን ነው?»

ድምጿ ካሰበችው በላይ ወጣ። አንድ ባለ ኮፍያ ሽማግሌ ዓይኑን ከዶሚኖው ሳያነሳ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። «እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ማንም አልሳቀም። ፉሉ ትንሽ ቀርቷት ነበር መንገዱ ላይ ልትደንስ።

ቢጫ ቀሚሷን ሰብስባ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና የቤት ሥራ ደብተሯን አወጣች። አስተማሪዋ የአሥር ሰዎችን መልክ ገልጻችሁ ጻፉ ብላለች፤ ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል? በባለ ኮፍያው ጀመረች። ቀጥላ የመጣችው ሴትዮ ፀጉሯን በቢጎዲን ጠቅልላ፣ ደረቷን ነፍታ እንደ ጦር መኮንን ቆመች። «መጨረሻው ማን ነው?» ስትል ፉሉ እጇን አወጣች፤ ከዚያም ሴትዮዋን ደብተሯ ላይ አሰፈረቻት። ሌላ መጣ፣ ጻፈች። ሌላ መጣ፣ ጻፈች። በአፏ ፈሪ ብትሆንም እስክሪብቶ ስትይዝ ምላሷ ረጅም ነበር። ዝርዝሩ አሥር ሲሞላ ብቻዋን ኪክ ኪክ እያለች ነበር።

ይሄኔ ነው የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ማሴጎ እያለከለከች የደረሰችው።

«አንቺ ጀዝባ፣ መናፈሻው ውስጥ ስፈልግሽ! እናትሽ እኔ ላይ ደውላ ነበር። አክስትሽ ቤት ሄዳ እየጠበቀችሽ ነው፤ ኢንተርኔቱ ሳይሄድ ቶሎ በይ!»

የስልካቸው ኢንተርኔት የሚሠራው መናፈሻው ውስጥ ብቻ ነው። ፉሉ ብድግ አለች። ባለ ቢጎዲኗ ሦስት እርምጃ ራቅ ብላ ቆማለች። «እመለሳለሁ፣ ወረፋዬን ይጠብቁልኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ዓረፍተ ነገሩን በልቧ ገጣጠመችው፤ መጨረሻው ላይ ግሡ ጠፋባት። ሴትዮዋን ቀና ብላ አየቻትና ፈራች።

«ነይ እንጂ! ማንን ነው የምትጠብቂው?» አለች ማሴጎ።

አምስት ደቂቃ ነው፣ አለች ፉሉ ለራሷ። ምንም ሳትናገር ሄደች።

አምስቱ ደቂቃ አርባ ሆነ። መስመሩ ይመጣል፣ ይሄዳል። እናቷ ሦስት ጊዜ ብቅ ብላ ሦስት ጊዜ ጠፋች። «ስፓኒሹስ?» ስትላት «አቀላጥፌ» ብላ መለሰች፤ «ሰውስ ለመድሽ?» ስትላት ግን መልሱ ከአፏ ሳይወጣ ስልኩ ድርግም አለ።

ስትመለስ ጩኸቱ ከመንገዱ ማዶ ተቀበላት። በሩ ተከፍቷል። ባለ ኮፍያው ሽማግሌ ኬኩን ይዞ ከሄደ ቆይቷል። ባለ ቢጎዲኗ በረኛዋ ፊት እጇን እያወናጨፈች ነው።

«እኔ ከባለ ቢጫ ቀሚሷ ልጅ ኋላ ነኝ እያልኩሽ!»

«እሺ፣ ባለ ቢጫ ቀሚሷ የታለች?» አለች በረኛዋ። «እሷ ከሌለች ወረፋሽን በምን ልወቅልሽ?»

ከሴትዮዋ ኋላ የነበሩት ሁሉ ተደበላልቀዋል። ሁሉም ከሌላው እቀድማለሁ ይላል። ፉሉ ሳትጽፈው የቀረ አንድ ባለ ጥቁር መነጽር ጎረምሳም መሀል ገብቶ፣ «ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነኝ፣ በእናቴ!» እያለ ይምላል። ፉሉ የኦዳሊስን ቃል አስታወሰች፦ አንቺ ከጠፋሽ ከኋላሽ ያለው ሁሉ ጠፋ።

«ይቺውና ቢጫ ቀሚስ!» ብሎ አንዱ ጮኸ።

ሁሉም ዞሩ። በረኛዋ በረጅሙ ተነፈሰች። «ነይ ግቢ፣ የኔ እናት። ኬክሽን ይዘሽ ሂጂልን። ዘጠኝ ኬክ ነው የቀረኝ። ሌላው መብራት ካልጠፋ አሥር ሰዓት ላይ ነው።»

ፉሉ ወደ ውስጥ አየች። ኬኮቹ ተደርድረዋል፤ ሮዝ ክሬም፣ ሰማያዊ ክሬም። ሁለት እርምጃ ብትራመድ የዩሲሚ ኬክ እጇ ላይ ነው። ደግሞም መብራት ከጠፋ? ዩሲሚን ያለ ኬክ አስባ ደነገጠች። ቀጥሎ ግን ደብተሯ ትዝ አላት። ከባለ ኮፍያው በኋላ የጻፈቻቸው ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፤ የቀረውም ዘጠኝ ኬክ ነው። እሷ አንዱን ከወሰደች አንዱ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ያውም እሷ ባጠፋችው።

ወደ ሰዎቹ ዞረች።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ» አለች በስፓኒሽ። «ለሴትዮዋ ሳልነግር ሄድኩ። ግን ወረፋው አለኝ። ጽፌዋለሁ።»

«ምን ጻፍሽ?» አለች በረኛዋ።

ፉሉ ደብተሩን ገለጠች። የምታነበው ምን እንደሆነ ትዝ ያላት አፏን ከከፈተች በኋላ ነው፤ ጆሮዋ ጋለ።

«አንደኛ፦ ራሷ ላይ አሥራ አንድ ቢጎዲን ያላት፣ ጦር ልታዘምት የመጣች የምትመስል ሴትዮ።»

ባለ ቢጎዲኗ እጇን ወደ ራሷ ሰደደችና ቆጠረች። «አሥራ አንድ ነው» አለች በግርምት። ከዚያ መንገዱ በሳቅ ፈነዳ።

«ቀጥይ! ቀጥይ!»

«ሁለተኛ፦ ሆዱ ከሱሪው ጋር የተጣላ ሰውዬ።»

«ማነው ሆዱ ከሱሪው የተጣላ?» ብሎ አንድ ሰው ከኋላ አምባረቀ።

«ራስህን አውቀሃል፣ ና ተሰለፍ!» አለችው ባለ ቢጎዲኗ፤ ሰውዬው ሱሪውን ሳብ እያደረገ መጣ።

«ሦስተኛ፦ ፀጉሩን ቀለም ቀብቶ ቅንድቡን የረሳ አባት። አራተኛና አምስተኛ፦ ተኳርፈው በሕፃኑ በኩል የሚነጋገሩ ባልና ሚስት...»

ባልና ሚስቱ ተያዩና መጀመሪያ ሚስትየዋ ሳቀች። ፉሉ እያነበበች ሄደች። የግሦቿ ግማሹ ስህተት ነበር፤ ማንም ግን አላስቆማት። ቅንድቡን የረሳው አባት ብቻ አንዷን ቃል ካረማት በኋላ፣ «በይ እንግዲህ የኔን እንደገና አንብቢልኝ፣ ለሚስቴ እነግራታለሁ» አላት። ሳቁባት፤ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁባት። ስትፈራው የኖረችው ነገር ይኸው መጣ፤ እሷም አብራቸው እየሳቀች ነበር።

ዘጠነኛው ሰው ቦታውን ሲይዝ ባለ ጥቁር መነጽሩ፣ «እኔስ?» አለ።

ፉሉ ገጹን ገለበጠች። «አንተ የለህም።»

«ውጣ ከዚህ፣ አጭበርባሪ!» አሉት በአንድ ድምፅ። ጎረምሳው ያለ ብዙ ቅያሜ ሳቅ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ።

«አንቺስ?» አለች በረኛዋ ፉሉን። «አንቺ አንደኛ ነበርሽ እኮ።»

«እኔ ሳልናገር ነው የሄድኩት» አለች ፉሉ። ወደ ኋላ ሄደችና ድምጿን ከፍ አደረገች። «መጨረሻው ማን ነው?»

ባለ መነጽሩ ጣቱን አነሳ። «እኔ ነኝ፣ ምን ታደርጊዋለሽ።»

ዘጠኙ ኬኮች አንድ በአንድ በመዳፍ ላይ ተይዘው ወጡ። ባለ ቢጎዲኗ ፉሉ አጠገብ ስትደርስ ቆም አለች።

«የማን ልደት ነው?»

«የዩሲሚ። የኦዳሊስ ልጅ።»

«የኦዳሊስ? ወጥ ቤት የምትሠራዋ? ምነው ታዲያ ቀድመሽ ብትናገሪ! ማታ እመጣለሁ በያት፤ ሚልድሬይ ናት በያት።» ጥቂት ሄዳ ዞረች። «ደብተሩንም ይዘሽ ነይ!»

ፀሐዩ ከረረ። ባለ መነጽሩ ጥላ ፍለጋ መድኃኒት ቤቱ ደረጃ ላይ ሄዶ ተጋደመ። ማራገቢያ የያዘች አሮጊት መጥታ ስትጠይቅ ፉሉ እጇን አወጣች። መብራት አልጠፋም፤ ከውስጥ የሚቃጠል ስኳር ሽታ መምጣት ጀመረ። ይሄኔ ማሴጎ ከጥጉ ብቅ አለች።

«ፉሉ! እናትሽ ደግማ መስመር ላይ ገብታለች። ትመጫለሽ ወይስ ቀረሽ?»

ፉሉ በሩን አየች። ኬኩ የሚወጣው ከአሁን አሁን ነው፤ እዚሁ ብትቀመጥ ወረፋዋን የሚነካባት የለም። ቢሆንም ተነሳችና ወደ አሮጊቷ ዞረች።

«እዚያ መናፈሻው ውስጥ ነኝ፣ እማማ። ከፊቴ ያ የተጋደመው ባለ መነጽር ነው፣ ከኋላዬ እርስዎ ነዎት። እመለሳለሁ።» ግሡ በቦታው ገባ።

«እርስዎ አትበይኝ፣ አሮጊት አታድርጊኝ» አለች አሮጊቷ ማራገቢያዋን እያወዛወዘች። «ሂጂ፣ እኔ አለሁ። ስምሽ ማን ነው?»

«ፉሉ።»

መናፈሻው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ስትቀመጥ የእናቷ ፊት ስልኩን ሞላው። እዚያ መሽቷል።

«ሰው ለመድሽ ወይ ብዬሽ ሳትመልሺልኝ ጠፋሽ እኮ። ስፓኒሹስ እውነት እንደምትይው ነው?»

«አይደለም፣ እማ። እስከ ዛሬ ዋሽቼሻለሁ። ዛሬ ግን ሰው ፊት ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ግማሹ ስህተት ነበር።»

«ውይ ልጄን! ሳቁብሽ?»

«በጣም!» አለች ፉሉ እየሳቀች።

እናቷ ዓይኗን አጥብባ ስክሪኑን ተመለከተች። «አሁን የት ነሽ ታዲያ?»

ፉሉ ቀና አለች። ከመንገዱ ማዶ፣ ኬክ ቤቱ ጋ፣ አንድ አዲስ ሰው መጥቶ ይጠይቃል። አሮጊቷ ጣቷን አነሳች፤ ከዚያ በማራገቢያዋ መናፈሻውን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ቢጫ ቀሚሱን ጠቆመችው። ሰውዬው ፉሉን በደንብ አያትና ራሱን ነቀነቀ።

«ወረፋ ላይ ነኝ» አለች ፉሉ።

«የምን ወረፋ? ከኋላሽ ዛፍና ውሻ ብቻ ነው የሚታየኝ!»

«አይዞሽ፣ እማ» አለች ፉሉ፣ እግሯን ወንበሩ ላይ ሰብስባ እየተመቻቸች። «ወረፋ ላይ ነኝ።»