በየተራ

የሮቦቱ ክንድ ከሳጥኑ ውስጥ ሌላ የቀርከሃ ቁራጭ አንስቶ ዞረና ሊጋያ ፊት ቆመ። በተከታታይ ሲሰጣት አራተኛው ነበር። ተቀብላ ወዲያው ከድልድዩ ጋር አጋጥማ በክር አሰረችው።

«ኩያ ወዶሻል መሰለኝ» አለ ሮዴል፣ የደረቀ ማንጎውን እያላመጠ።

ሊጋያ ሳቀች። ኩያ በአገራቸው ቋንቋ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ በኢሎይሎ ከተማ ባለው ትምህርት ቤታቸው ለሮቦቱ ስሙን ያወጣለት ራሱ ሮዴል ነበር። በውድድሩ ሕግ እያንዳንዱ ቡድን ሦስት ተማሪዎችና አንድ ሮቦት አሉት። ሮቦቱ ቁራጭ ያቀብላል፣ ተማሪዎቹ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ድልድይ ይሠራሉ፤ ድልድዩም ሃያ ኪሎ አሸዋ መሸከም አለበት፤ ድልድያቸው ከተሸከመላቸው ቡድኖች ቀድሞ የጨረሰው ያሸንፋል። ኩያ ማን ፈጣን እንደሆነ እያየ ለፈጣኑ ደጋግሞ ይሰጣል። ፈጣኗ ሊጋያ ናት። የቡድኑም አምበል እሷው ናት።

ሦስተኛዋ ዳሊሳይ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከሊጋያ ተለይታ የማታውቅ ጓደኛዋ ናት። እጇ ዘገምተኛ ቢሆንም ዓይኗ የሚያልፈው ነገር የለም። ልምምድ በጀመሩ ሰሞን ወሬዋ አያልቅም ነበር። አሁን ግን እጇን አጣምራ መቆም አብዝታለች።

የዛሬውን ልምምድ በሠላሳ ሁለት ደቂቃ ጨረሱ፤ እንደዚያ ፈጥነው አያውቁም። ሊጋያ የአሸዋ ከረጢቶቹን ደረቷን ነፍታ አንድ በአንድ ጫነች። አሥራ አንደኛው ኪሎ ላይ ድልድዩ ቋ ብሎ ለሁለት ተሰበረ።

ሮዴል ስብርባሪውን ሲያገላብጥ መሃል ላይ የገባው ቁራጭ ቀድሞውንም የተሰነጠቀ ሆኖ ተገኘ።

«አይቼው ነበር» አለች ዳሊሳይ በቀስታ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ? ሥራው ያንቺና የኩያ ነው እኮ። እኔ ተመልካች ነኝ።» ቦርሳዋን አንግታ ወጣች።

ሊጋያ በንዴት ወደ አሠልጣኛቸው ወደ ቲቸር አውሮራ ሄዳ፣ ዳሊሳይ እያወቀች ዝም እንዳለች ተናገረች። ቲቸር አልተቆጡም። ኮምፒውተሩን ከፍተው ኩያ ለማን ስንት ጊዜ እንዳቀበለ አሳዩዋት። ከአርባው ቁራጭ ሠላሳ አንዱ ለሊጋያ፣ ሰባቱ ለሮዴል፣ ሁለቱ ለዳሊሳይ። መጀመሪያ የተሰማት ኩራት ነበር። ሠላሳ አንድ! ቀጥሎ ግን ዓይኗ ሁለቱ ላይ አረፈና እዚያው ቀረ። እኔ ብሆን በሁለተኛው ቀን ጥዬ እሄድ ነበር ብላ አሰበች።

ሮቦቱ በየተራ እንዲያቀብል ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። ቲቸር እንደሚቻል፣ ውሳኔው ግን የአምበሏ እንደሆነ ነገሯት።

ቅዳሜ በውድድሩ አዳራሽ ሮዴል የኩያን ስክሪን ሲያይ ደነገጠ። «በየተራ? ሊጋያ፣ ቢያንስ አምስት ደቂቃ እንዘገያለን።»

«አውቃለሁ» አለችና ማስጀመሪያውን ተጫነች።

ኩያ ለዳሊሳይ፣ ለሮዴል፣ ለሊጋያ፣ ተመልሶ ለዳሊሳይ አቀበለ። ሊጋያ ተራ መጠበቁ ከበዳት፤ ከጎናቸው ያሉት ልጆች ግማሹን ጨርሰው ነበር። ዳሊሳይ መጀመሪያ በዝምታ ሠራች። ሦስተኛውን ቁራጭ ስትቀበል ግን ሮዴልን ክሩን እንዲያጠብቅ አዘዘችው፤ ሲለግም ደግሞ እንደ ጥንቱ ቀለደችበት።

ስድስት ደቂቃ ሲቀር እጇን አነሳች። «ቁሙ። ያ መጋጠሚያ ዘሟል።»

ያሰረችው ሊጋያ ነበረች። ለእሷ ደህና ይመስላል። የጎረቤቱ ቡድን ደግሞ ጨርሶ እያጨበጨበ ነው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ሊጋያ መቀሱን አንስታ በገዛ እጇ ያሰረችውን ክር ቆረጠችው።

ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ጨረሱ። ዳኛው ከረጢቶቹን መጫን ጀመሩ። አሥር። አሥራ አምስት። ሃያ። ድልድዩ ጎበጥ አለ እንጂ አልተሰበረም። ቀድሞ የጨረሰው ቡድን ድልድይም ስለተሸከመ አንደኝነቱን ወሰደ፤ ሁለተኛ የወጣው የእነ ሊጋያ ቡድንም ግን ለአገር አቀፉ ውድድር አለፈ። ሮዴል ስለ ዳሊሳይ ዓይን ላገኘው ሰው ሁሉ ያወራ ጀመር። ሊጋያ ከድልድዩ አጠገብ ቆማ ቀርታለች። ብዙ ሽልማት ወስዳ ታውቃለች፤ በሌላ ሰው እንዲህ ኮርታ ግን አታውቅም።

ቲቸር አውሮራ የአገር አቀፉን ውድድር ቅጽ አምጥተው ሰጧት። የትምህርት ቤቱን ስም ሞላች፣ ዕድሜያቸውን ሞላች፤ «አምበል» የሚለው ጋ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አቆመች። ቀና ስትል ዳሊሳይ የሌላ ቡድን ድልድይ ሥር ተንበርክካ መጋጠሚያዎቹን ትመረምራለች።

ሊጋያ የጓደኛዋን ሙሉ ስም ጥርት ባለ ጽሕፈት ጻፈችና ቅጹን ለሮዴል አቀበለችው። አነበበው፣ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ፈረመ።