አቪታል ያልተረጎመችው

«ንገሪው» አለች ዶክተር ዳፍና፣ ወንበሯን ወደ አቪታል አስጠግታ። «ሁሉንም ንገሪው፤ ቤሰደር፣ እሺ? ቀስ እያልሽ።»

አቪታል ከጎኗ የተቀመጡትን አያቷን አየቻቸው። ዕድሜዋ አሥራ አራት ነው፤ ግማሹን በአስተርጓሚነት ነው የጨረሰችው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ባንክ ቤትም ይሁን ማዘጋጃ ቤት፣ ዕብራይስጥ የማይችሉት አያቷ አለበል በሄዱበት ሁሉ ምላሳቸው እሷ ናት። የመብራት ቤቱን ሰውዬ ሳይቀር በእሷ አፍ ተቆጥተውታል። ዛሬ ግን ያ ምላስ አልንቀሳቀስ አለ።

ዶክተሯ በዕብራይስጥ የተናገረችው ግልጽ ነበር። ከልባቸው ደም የሚወጣበት በር ጠቧል፤ ክፉኛ ጠቧል። ደረታቸው ተከፍቶ በሩ ካልተለወጠ ዓመት መድረሳቸው ያጠራጥራል። ደረጃ መውጣትና ዕቃ መሸከም ክልክል ነው። ቀዶ ሕክምናውም ቢሆን በእሳቸው ዕድሜ አደጋ አለው፤ ቢሆንም ዝም ብሎ ከመቀመጥ ይሻላል። ውሳኔው የእሳቸው ነው፤ ግን ቶሎ መወሰን አለባቸው።

አለበል ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው የልጅ ልጃቸውን አፍ አፍ ያያሉ። «ምን አለች?»

አቪታል ቤት ውስጥ የተማረችው አንድ ነገር ነበር፦ ክፉ ወሬ ለታመመ ሰው አይነገርም። ባለፈው ክረምት አለበል በልባቸው ምክንያት ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ቤኤር ያዕቆብ ከተማ የምትኖረው እህታቸው ወርቄ ሞተች። ቤተሰቡ በሙሉ አፉን ያዘ። አለበል ከአልጋቸው ላይ ሆነው «ወርቄ ለምን አልመጣችም?» ባሉ ቁጥር «ጉንፋን ይዟት ነው» እያለች የመለሰችው አቪታል ነበረች። ከሆስፒታል ከወጡና ጉልበታቸው ከተመለሰ በኋላ ሽማግሌዎች ማለዳ መጥተው፣ ዙሪያቸውን ተቀምጠው መርዶውን ነገሯቸው። ያኔ ዘመድ ሁሉ አቪታልን «እንዴት ያለች አስተዋይ ልጅ ናት! አንድም አላመለጣት» ብሎ አመስግኗት ነበር።

«ልብዎ ደክሟል ትላለች፣ አባባ» አለች አሁን ወለሉን እያየች። «መድኃኒቱን በደንብ ይዋጡ። ደህና ይሆናሉ ትላለች።»

«መቅደድ ምናምን የለም?»

«የለም።»

አለበል ከወንበራቸው ተነሡ። የዶክተሯን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ጎንበስ አሉና ሳሙት። «ዕድሜሽን ያርዝመው! ከክፉ ይሰውርሽ፤ የወለድሽው ይባረክ!»

የዶክተር ዳፍና ዓይን እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ ወሬ ሰምቶ የሚመርቅ ሰው አይታ አታውቅም። «ምን አለ?»

«ያመሰግንሻል» አለች አቪታል። ይህቺን እንኳ በትክክል ተረጎመቻት።

«ስለ ቀዶ ሕክምናውስ?»

«ያስብበታል። በሚቀጥለው ሳምንት ይነግርሻል።»

ከዚያን ቀን ወዲህ አለበል እንደገና ሰው ሆኑ። በክረምቱ ሰፈሩ ነበር ተሸክሟቸው የከረመው። ጎረቤታቸው አስፋው ሥራውን እያቋረጠ በመኪናው ክሊኒክ ያደርሳቸዋል። ሴቶቹ ጨው የሌለው ወጥ በየተራ እየሠሩ ያመጡላቸዋል፤ ወጣቶቹ ያለ ሊፍት አራተኛ ፎቅ ድረስ ደግፈው ያወጧቸዋል። እዚህ አገር ከመጡ ጀምሮ በቂርያት ቫይዝማን መሥሪያ ቤቶች ግቢ አትክልት ሲኮተኩቱ የኖሩት ሰውዬ ግን መደገፉ አልተዋጠላቸውም። «ሰው አስቸገርኩ» ይሉ ነበር በየቀኑ። አሁን ይህ ሁሉ ቀረና በሰፈሩ አዳራሽ ምስጋና ላደርግ ነው ብለው ተነሡ።

«ለፊታችን ቅዳሜ ሰንበት ዳቦ ይደፋል» አሉ ስልኩን አንሥተው ለአንዱም ለሌላውም። «ቄሱ ይባርኩታል። የለፋችሁልኝ ሁሉ ኑና ቅመሱ። ድኛለሁ! ሐኪሟ ነገረችኝ።»

የአቪታል እናት ሀና በአረጋውያን ቤት ነው የምትሠራው፤ ያን ቀን ፈረቃዋ ሆኖ አብራቸው አልሄደችም ነበር። የአባቷን የአለበልን መዳን ስትሰማ ኩሽና ውስጥ ቆማ በደስታ አለቀሰች። አቪታል ልትነግራት አፏን ከፍታ፣ የእናቷን ፊት አየችና መልሳ ዘጋችው። ነገ እነግራታለሁ አለች። በማግስቱም እንዲሁ አለች። ውሸት ቤት ከገባ እንደ እንግዳ ነው፤ ባደረ ቁጥር ሂድ ማለት ይከብዳል።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አለበልን ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነበሩ። አጠገባቸው የዱቄት ከረጢትና አንድ ትልቅ ሐብሐብ ነበር። ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ላባቸው በአንገታቸው ይወርዳል።

«አባባ!»

«ምንም አይደል፣ ምንም አይደል…» አሉ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «መድኃኒቱ… ገና አልያዘኝም ማለት ነው። ይህን ቤት ያለ ሊፍት የሠራው ሰውዬ… አንድ ቀን እንኳ ሐብሐብ ገዝቶ አያውቅም።»

ሊያስቋት ነበር፤ አልሳቀችም። ከረጢቱንና ሐብሐቡን በየተራ ተሸክማ አወጣች፤ ከዚያ ተመልሳ እሳቸውን ደግፋ፣ በየደረጃው እያሳረፈች አራተኛ ፎቅ አደረሰቻቸው። እየገደልኳቸው ነው፣ አለች በሆዷ። አባባን እየገደልኳቸው ያለሁት እኔ ነኝ። አልጋቸው ላይ አስተኝታቸው፣ ቀለማቸው እስኪመለስ ጠብቃ በሩጫ ወጣች።

ማንተገብሽ በሰፈሩ ክሊኒክ በሐኪሞቹና ከአገር ቤት በመጡ የሰፈሩ ሰዎች መካከል የሚያግባቡ፣ ከእነ አቪታል በታች የሚኖሩ ሴት ናቸው። ቢሯቸውን ሊዘጉ ሲሉ ነው የደረሰችባቸው። አቪታል ቆማ፣ ግማሹን በዕብራይስጥ ግማሹን በአማርኛ፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። ማንተገብሽ እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

«ለምን፣ ልጄ?» አሉ በመጨረሻ።

«ለታመመ ሰው አይነገርማ! ወርቄ የሞተች ጊዜ ስዋሽ ሁላችሁም ‹ጎበዝ› አላችሁኝ፣ አይደል? እርስዎም ብለውኛል።»

ማንተገብሽ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ብያለሁ» አሉ። «አልክድም። ግን ወርቄ ሞታ ነበር። የሞተ ሰው ወሬ ቢያድር ምን ይሆናል? ይሄኛው የራሳቸው ጉዳይ ነው፤ እሳቸው ደግሞ አሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አንቺ የሰውየውን በሽታ ከራሳቸው ደበቅሽባቸው።»

አቪታል ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «እርስዎ ይንገሩልኝ። በቫካሻ፣ እባክዎ፣ እትዬ።»

«ልንገርልሽ?» አሉ ማንተገብሽ። ጥያቄው የምር ነበር፤ ቢባሉ ያደርጉት ነበር።

አቪታል እጇን ከፊቷ ላይ አነሣች። «አይ» አለች። «እኔ ነኝ የዋሸኋቸው።»

«እንግዲያው ብቻቸውን ሆነው አይሆንም። ዛሬ ለእናትሽ ንገሪያት። እሷም ሥራ ትቅር፤ አጠገባቸው ትሁን። ዓርብ ከሰዓት እኔም እመጣለሁ።»

ሀና የዚያኑ ዕለት ማታ ስትሰማ መጀመሪያ ጮኸች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ ከዚያም አባቷ እንዳይሰሙ አፏን በእጇ ያዘች። «ለእኔ እንኳ?» አለች ደጋግማ። «አቪታል፣ ለእኔ እንኳ?» በማግስቱ ሥራ አልሄደችም፤ አለበል ከቤት ልውጣ ባሉ ቁጥር ሰበብ እየፈለገች አስቀመጠቻቸው።

ዓርብ ከሰዓት አለበል ሶፋው ላይ ነበሩ። ሀና በቀኛቸው፣ ማንተገብሽ በግራቸው ተቀመጡ። ሰውየው አንዷን አዩ፣ ሌላዋን አዩ። የመርዶ አቀማመጥ ያውቃሉ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም አልሞተም፣ አባባ» አለች አቪታል። ከፊታቸው በርጩማ ላይ ነበረች። «እኔ ዋሽቼዎት ነው። ሐኪሟ ደህና ነዎት አላለችም።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የጠበበውን በር፣ ዓመቱን፣ ደረቱን፣ አደጋውን። ድምጿ ሁለቴ ተቆረጠ፤ ሁለቴም ማንም አላገዛትም። ስትጨርስ አለበል ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከታች ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ይሰማል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ያኔ፣ እዚያው ሐኪሟ ዘንድ።»

«እስካሁን ብቻሽን?»

«ረቡዕ ነው ለእማዬ የነገርኳት። እስከዚያ ብቻዬን።»

አለበል ራሳቸውን ወዘወዙ። «ወርቄንም እንዲህ አደረጋችሁኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እህቴ ተቀብራ፣ የሰባት ቀን ሐዘኗ አልፎ፣ እኔ አልጋ ላይ ሾርባ እጠጣ ነበር። እናንተ ለደግ ነው ያደረጋችሁት፤ ደግ አደረጋችሁ አልኳችሁ። ሆዴ ግን እስከ ዛሬ አልተቀበለውም።»

ሀና አንገቷን ደፋች። ማንተገብሽም ደፉ። አቪታል የዚያን ክረምት ‹ጉንፋን› አንድ በአንድ አስታወሰች፤ አፈረች።

«የነገው ምስጋና ይቅር?» አለች ሀና።

«ለምን ይቀራል? እነዚያ ለእኔ የለፉ ሰዎች ናቸው። እነሱ አልዋሹኝም።»

ሊያቆስሏት ብለው አልነበረም የተናገሩት። ቢሆንም አቪታል ተነሥታ መታጠቢያ ቤት ገባችና ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች።

ሰንበት ዕለት ዳቦው ተባረከ፣ ተቆረሰ። አለበል በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ቆሙ። «ድኛለሁ ብዬ ነበር የጠራኋችሁ» አሉ። «አልዳንኩም። ደረቴ ይከፈታል መሰለኝ፤ ልነሣም ላልነሣም እችላለሁ። ወሬው ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። ብቻ ምስጋናዬ ውሸት አይደለምና ዳቦውን ብሉልኝ።» እንዴት እንደዘገየ ማንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም የአቪታልን ስም አላነሡም። ከዚያ አስፋው «እሑድ ጠዋት መኪናው በር ላይ ነው፣ አባባ» አለ። አንዷ ሀና ፈረቃ ስትገባ እኔ አለሁ አለች። ወጣቶቹ ሲሄዱ በወንበር ተሸክመው ወደ ቤት አወጧቸው፤ በዚህ ጊዜ አለበል ሰው አስቸገርኩ አላሉም።

እሑድ ጠዋት ዶክተር ዳፍና የሆነውን ከሀና ሰማች። አቪታል ቁጣ ጠበቀች፤ ዶክተሯ ግን መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። «ጥፋቱ የእኔም ነው» አለች። «እንዲህ ያለ ነገር ልጅ ላይ አይጫንም። ዛሬ በስልክ አስተርጓሚ አለች። ከፈለግሽ ውጪ ቆዪ።»

አቪታል ይህንንም ለአያቷ ነገረቻቸው። አለበል ስልኩን አዩት፣ እሷን አዩ። «እንዳሻሽ» አሉ።

አንድ ልቧ እኔ ልተርጉም አላት። አንዲት ቃል ሳታስቀር ብትናገር ያ የመጀመሪያው ቀን የሚፋቅላት መሰላት። ግን አያቷ ዛሬ የሚሰሙት የራሳቸውን ሞትና ሕይወት ነው፤ እሷ ጥፋቷን የምትክስበት ነገር አይደለም። ወንበሯን ከመካከል አነሣችና ከጎናቸው አስቀመጠችው።

«ስልኩ ይናገር» አለች።

ከስልኩ የወጣው ድምፅ የአንዲት ሴት ነበር፤ የጎንደር አማርኛ ነው፣ ረጋ ያለ። ዶክተሯ ትናገራለች፣ ሴትዮዋ ትከተላለች። ደረትዎ ይከፈታል። ልብዎ ለጊዜው ይቆማል፤ በምትኩ መሣሪያ ይሠራል። በዕድሜዎም ምክንያት ከሰመመኑ ላይነቁ ይችላሉ።

ቃሉን አቪታል ቀድሞም ታውቀዋለች፤ ራሷም ተናግራዋለች። ያኔ ግን ሥራ ነበረባት፤ መሸሸግ ነበረባት፣ ኋላም መናገር ነበረባት። አሁን ምንም የምትሠራው የለም። ላይነቁ ይችላሉ። አባባ ላይነቁ ይችላሉ። እንደ ማንኛውም የልጅ ልጅ ሰማችውና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ልትይዘው ብትሞክር አልያዝ አላት።

አለበል እጇን ፈልገው ያዙ። መዳፋቸው ሻካራ ነው፤ ቀዝቅዟል። «ይሁን በያት» አሉ ወደ ስልኩ። «ይክፈቱኝ።»

ዶክተር ዳፍና አቪታልን አይታ አንድ ነገር ጠየቀች። ስልኩም ተከተለ፦ «ልጅቷ ትውጣ ወይ? ገና ያላለቀ ነገር አለ ይላሉ ሐኪሟ፤ የሚከብድ ነው።»

አቪታል በመጀመሪያ በዕብራይስጥ፣ ከዚያ ወደ አያቷ ዞራ በአማርኛ፣ «አልወጣም» አለች።