ገመድ በጥርሱ የሚስበው ሰውዬ

ዛር፣ ምልኪ፣ ምትሐት የሚሉት ነገር በእኔ ዘንድ ቦታ የለውም፣ የሩዝ ነጋዴ ነኝ፣ ጆንያ እንኳ ፈትቼ ሳላይ አላምንም፣ ይኼን ያየሁት ደግሞ በከሰዓት ብርሃን ነው፣ ጠጥቶ ነው እንዳትሉኝ።

አባቴ እኔ ጡት ሳልጥል ሁለት አህያ ጭኖ ከወረታ ወደ ጎንደር ወጣ፣ በዚያው ቀረ። እናቴ ከዚያ ወዲህ በሯን ቀርቅራ አታውቅም፣ "ድንገት ቢመጣ ደጅ ይደር?" ትላለች፣ ወረታ ዳር ብቻዋን ለምትኖር አሮጊት ይኼ ሌባን መጥራት ነው። ስለምናት ከርሜ ዘንድሮ እሺ አለች፣ እሁድ ተዝካሩን ልናወጣ፣ ሰኞ መቀርቀሪያ ልገጥም።

ሐሙስ ዕለት ድራማዋን እያየች መብራት ጠፋ፣ ያውም ሙሽራይቱ ልትጠፋ ስትል፣ አኮረፈች። ላባብላት ብዬ ስልኬ ላይ የድሮ ጎንደርን የሚያሳይ ድምፅ አልባ ፊልም ከፈትሁላት፣ ገበያ፣ አሮጌ አውቶቡስ፣ ጥግ ላይ ሁለት አህያ የሚጭን ሰውዬ፣ ጀርባውን ሰጥቶናል።

"ይኸ አባትህ ነው።"

"እማየ፣ በጀርባ?"

"ገመዱን በምን ነው የሚስበው?"

በጥርሱ ነው። አባቴ ሁለት ጣት ስላልነበረው ጭነት በጥርሱ እንደሚያጠብቅ እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

ደገምሁት፣ አሁን ሰውዬው ቀና ብሎ ወደኛ ዞረ፣ እመኑኝ፣ መጀመሪያ አልዞረም ነበር። ከደጅ ክረምቱ ባቦካው ጭቃ ውስጥ የአህያ ኮቴ ሰማሁ፣ ጨቅ፣ ጨቅ፣ ወጥቼ ባይ ዱካም የለ።

ጎረቤቷን የፊዚክስ መምህሩን ጠራሁት። "ፊልም አንዴ የተያዘ ብርሃን ነው ጋሼ፣ አይጨመርበትም አይቀነስበትም" አለኝ፣ እኔም የምለው ይኼንኑ ነበርና ደስ ብሎኝ ስልኩን ሰጠሁት። እስከ መጨረሻው አየና "የቱ ሰውዬ? የቆሙት እኮ ሁለት አህዮች ብቻ ናቸው" አለ።

ነጥቄ አየሁ፣ ጭነታቸው ጠብቋል፣ ሰው የለም።

"ተነስቷላ" አለች እናቴ። "ተዝካሩን ተወው።"

"ለካህናቱ ተነግሯል እኮ።"

"ባለቤቱ መንገድ ላይ ነው በላቸው።"

ከጎንደር እዚህ በአህያ አራት ቀን ነው ትላለች። ዛሬ እሁድ ነው፣ አመሻሽ ላይ እሷው ቤት ተቀምጬ ነው የምጽፍላችሁ፣ በሩ ገርበብ ብሏል፣ አዲሱ መቀርቀሪያ ጉልበቴ ላይ ነው፣ ልግጠመው ልተወው አላውቅም። ፊልሙንም ከዚያ ወዲህ አልከፈትሁትም፣ አህዮቹም ሄደው ቢሆንስ።