ቀድሞ የገባው እጅጌ

አሮጊቷ የሞቱት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ስድስተኛው አልጋ ላይ ነው። ከራስጌያቸው «በአፍ ምንም እንዳይሰጥ» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሏል። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከመታቸው ወዲህ ምራቃቸውን እንኳ በቅጡ አይውጡም ነበር። ሐኪሙ ግን ከጉሮሯቸው በመምጠጫ ያወጣው ውሃ ነበር። አንድ ሰው አጠጥቷቸዋል።

ያን አልጋ እንድትከታተል የተመደበችው ድምቢጥ ነበረች። በትንሽነቷ ነው እንዲህ የሚሏት። ረዳት ነርሶች ሆስፒታል ለመቀጠር የሚወስዱትን ከፍተኛ ሥልጠና ልትጨርስ የቀራት የነገው ፈተና ብቻ ነበር። አሁን ኮሪደሩ ላይ፣ ከጥበቃው ጎን ተቀምጣለች። እናቷ ወሬውን ሰምተው በነጠላ ጫማ እየተጎተቱ መጡ። እሳቸውም ከሁለት ዓመት በፊት ይኸው በሽታ መቷቸው ግራ እጃቸው ደርቋል።

«አውቄው ነበር! ትናንት ዓይኔ ሲርገበገብ ውሎ። ይወስዱሻል። እኔንስ ማን ያነሳኛል?»

«እማዬ፣ ውሃ አልሰጠሁም እያልኩሽ!»

«ንጹሕ ሰው ሳይታሰር ቀርቶ ያውቃል?»

ኢንስፔክተሯ መጣች። ቀስ ብላ የምትናገር፣ ሰው ሲያወራ እጁን የምታይ ሴት ነበረች።

«የት ነበርሽ?»

«የሽንት ዕቃ ላጥብ ሄጄ ነበር። ስመለስ የተኙ መሰለኝ። ቀሚሳቸው ግን ተቀይሯል። ሰማያዊ ነበር፣ ነጭ ሆኗል።»

«ማን ቀየረው?»

«አላውቅም። ማንም አላመነኝም።»

ኮሪደሩ ይበርዳል። ድምቢጥ እንባዋን እየጠረገች ሹራቧን አወለቀችና እናቷን አለበሰች። መጀመሪያ የደረቀውን ግራ እጅ ደግፋ አስገባች፣ ከዚያ ቀኙን። ኢንስፔክተሯ መጻፏን አቁማ አየች።

ሁለተኛዋ ሠልጣኝ ሮኬት ነበረች። ሁሉን ቀድማ ስለምትጨርስ የወጣላት ስም ነው።

«እኔ ማዶ ክፍል ነበርኩ። ስምንት አልጋ አንጥፌያለሁ፤ ሄደው ይቁጠሩ።»

«ድምቢጥ ጓደኛሽ ናት?»

«እህቴ ይበሏት። ግን ፈዛዛ ናት፤ እሷ አንድ ትራስ ስታስተካክል ፀሐይ ትጠልቃለች።»

አሠልጣኟ ሲስተር ሃያ ዓመት በነርስነት የሠሩ ናቸው።

«ንጹሕ ቀሚስ ያለበት ቁምሣጥን ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«እኔና ሁለቱ ሠልጣኞች ጋ። ሌላ ሰው የለውም።»

«በሽተኛ ማልበስ አስተምረዋቸዋል?»

«መዝገባቸው ላይ ፈርሜያለሁ።»

«እሱን አልጠየቅኩም፣ ሲስተር።»

ሲስተር ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ኢንስፔክተሯ አስከሬኑን አየች። ነጩ ቀሚስ ግራ ብብቱ ሥር ተተርትሯል። ሰማያዊውን ከቆሻሻ ልብስ ከረጢት ሥር አወጣችው፤ ደረቱ ርሷል።

ሁሉንም ሥልጠና ክፍል ሰበሰበቻቸው። በመሐል ሠልጣኞች የሚለማመዱበት የጎማ በሽተኛ ተጋድሟል፤ ግራ እጁን በፋሻ ከጎኑ ጋር አስራዋለች።

«ይህ ግራ እጁ አይታዘዝም። ማን ያለብሰዋል?»

ሮኬት ብድግ አለች። ቀኙን እጅጌ አስገባች፤ ከዚያ ግራውን ስትጎትት ጨርቁ ጠርር አለ። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ቀሚሱ የወጣው ከተቆለፈ ቁምሣጥን ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ቁልፍ ያላችሁ ሦስት ናችሁ። ያለበሰው ሰው ደህናውን እጅ ስላስቀደመ ለደረቀው ቦታ አጣ፤ ስፌቱም ተተረተረ። ሲስተር ሃያ ዓመት አልብሰዋል፤ እንዲህ አይሳሳቱም። ድምቢጥ እናቷን በየቀኑ ታለብሳለች፤ የደከመውን ታስቀድማለች። የቀረሽው አንቺ ነሽ።»

ሮኬት መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«በዚያ ሳልፍ በዓይናቸው ለመኑኝ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ... ሁለት ጉንጭ ብቻ ነው። ሳል ያዛቸው፤ ልብሱ ራሰ።»

«ለምን አልተጣራሽም?»

«ነገ ፈተና ነው! ካርቶኑን አላየችም ብለው ይጥሉኛል ብዬ። ልብሱን ስቀይር ሳሉ ቆመ። ተሻላቸው ብዬ ደስ አለኝ።»

ኢንስፔክተሯ መዝገቡን ገለጠች። «ሲስተር፣ ማልበስ ተምራለች ይላል።»

«ያን ቀን ክፍሉ ለስብሰባ ተፈለገ። በሚቀጥለው ሳምንት አስተምራለሁ ብዬ ፈረምኩ። ሳምንቱ አልመጣም።»

«መዝገቡን ይዘው እርስዎም ከእኛ ጋር ይመጣሉ።»

ጥበቃው ሮኬትን ክንዷን ይዞ አስነሳት። በስስ የሥራ ልብሷ ትንቀጠቀጣለች። ድምቢጥ እናቷን አቀፈቻቸው፤ እሳቸው ግን ዓይናቸው ከበሩ አልተነሳም።

«የዚችስ እናት ሰምታለች?» ብለው ጠየቁ።

ጥበቃው ሮኬትን ወደ በሩ መራት።

«ሹራቡን አውልቂልኝና ስጪያት» አሉ።

ድምቢጥ ቀኙን እጅ አስቀድማ አወጣች። ግራውን በመጨረሻ፣ በቀስታ።