ምሥራቅ ነው

ትንሿ አውሮፕላን ጀርባዋን ለንፋስ ሰጥታ ስትወርድ፣ የማረፊያ ሜዳው ጠባቂ ሬዲዮውን ይዞ ቆሞ ያይ ነበር። አውራ ጣቱ የመናገሪያው ቁልፍ ላይ ነው። አልተጫነውም።

ከደቂቃዎች በፊት አውሮፕላኗን የሚያበረው የጥርስ ሐኪም ከሰማይ ሆኖ፣ «ኢንጅነር፣ ንፋሱ እንዴት ነው?» ብሎ ጠይቆት ነበር።

«ምሥራቅ ነው» አለ ጠባቂው።

ኢንጅነር የሚሉት ለፌዝ ነው፤ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ፓይለቶቹ ሁሉ ይሉታል፣ የዚህኛው ግን ባሰ። ሐኪሙ አውሮፕላን ገዝቶ ፈቃድ ካወጣ ገና አራት ወሩ ነው። መጀመሪያ የመጣ ዕለት ጠባቂው «ንፋሱ ወደ ምሥራቅ ነው» ቢለው በእንግዶቹ ፊት ሳቀበት። ንፋስ በመጣበት ይጠራል እንጂ በሄደበት አይጠራም፣ አንተ ላሞቹን አባር አለው። ጠባቂው ከዚያ ቀን ጀምሮ በጥርስ ሐኪም ላይ ጥርሱን ነከሰ።

ስለዚህ ያውቃል። ንፋሱ ከምዕራብ እየመጣ ወደ ምሥራቅ እንደሚሄድ፣ ሐኪሙ ግን ከምሥራቅ የመጣ እንደሚመስለው ያውቃል። አውሮፕላን የሚያርፈው ፊቱን ለንፋስ ሰጥቶ ነው። ንፋስ የሚያሳየው ጨርቅ ባለፈው ክረምት ተበጣጥሶ ሄዷል፤ ሦስት ጊዜ ቢያመለክት ሰሚ አላገኘም። እንግዲህ የቀረው የሱ አፍ ብቻ ነበር።

ጎማዎቹ መሬት የነኩት ሜዳው ከተጋመሰ በኋላ ነው። ፍሬኑ ጮኸ፣ አቧራው ተነሳ፣ ንፋሱ ከኋላ ገፋ። አውሮፕላኗ በአፍንጫዋ በሜዳው ጫፍ ያለውን ቦይ መታች፣ ተገለበጠች፣ እየተንሸራተተች ሄዳ ከሜዳው ሥር ባለው ገደል አፋፍ ላይ ቆመች።

ያኔ ሮጠ። ቀበቶውን በቢላ በጥሶ ሐኪሙን ጎትቶ አወጣው። የግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሮ አጥንቱ ወጥቷል። ጠባቂው ሸሚዙን ቀዶ ከጉልበቱ በላይ ጥርቅም አድርጎ አሰረ። ሬዲዮው በአናት ከሚያልፍ አውሮፕላን በቀር ማንንም አያገኝም፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ ከገደሉና ከወንዙ ማዶ ነው። ውሃ የሚያመላልስባትን አህያ ጎትቶ አመጣ፣ ሰውየውን ጫነ፣ ቁልቁለቱን ያዘ።

ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ዝናቡ ወረደ። ጭቃው ከእግራቸው ሥር ከዳ፣ ድንጋይ ከላይ እየተንከባለለ አለፋቸው። ጠባቂው አህያዋን በጭራዋ ወደ ኋላ እየያዘ፣ ሐኪሙን በትከሻው እየደገፈ ወረደ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ሐኪሙ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «አንተማ ነግረኸኝ ነበር። ምን ነበር ያልከኝ?»

«ዝም ይበሉ ዶክተር። ደምዎ ይፈስሳል።»

ወንዙ ሞልቶ ደፍርሷል። መሃል ሲደርሱ አህያዋ ድንገት ቆመች። ከዚያ አንዴ ጮኸችና ወደ ጎን ተጎተተች፤ አዞ ሆዷን ይዟታል። ጠባቂው ሐኪሙን በአንገትጌው መንጭቆ ጀርባው ላይ አዘለው፤ ውሃው ደረቱን እየመታው፣ ወደ ኋላ ሳያይ ተሻገረ።

ዳር ላይ ሊያሳርፈው ቢል ሐኪሙ አንገቱን አልለቅም አለ። «ጋሼ፣ እዚህ ጥለውኝ እንዳይሄዱ።»

ጋሼ። በአሥራ አንድ ዓመት የጥበቃ ሥራው ከሰማይ የወረደ ሰው እንዲህ ብሎት አያውቅም። ሸክሙ ሳይከብደው ይቺ ቃል ከበደችው።

ዳገቱ ላይ ሁለት ሰዎች ጠመንጃ ይዘው መንገዱን ዘጉ። ያውቃቸዋል፤ ሜዳው ላይ ካለው መጋዘን ቤንዚን ሊሰርቁ ሲመጡ በድንጋይ የሚያባርራቸው ሌቦች ናቸው። አውሮፕላን ስትወድቅ አይተው ለመቃረም እየሄዱ ነው።

«ዛሬስ በርሜልህን ለማን አደራ ሰጠህ?» አለ አንደኛው። ሌላው፣ በድን ተሸክሞ መድከም ምን ያደርጋል፣ ተመለስና መጋዘኑን ክፈትልን አለው።

ጠባቂው የመጋዘኑን ቁልፍ ከአንገቱ በጥሶ ጭቃው ላይ ጣለው። እንጀራው ያ ቁልፍ ነበር። «መንገድ ልቀቁ» አለ። ለቀቁ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጤና ጣቢያው በር ላይ ተንበረከከ። ነርሷ የሐኪሙን ሱሪ ቀዳ እግሩን አየችና ራሷን ነቀነቀች። ከጉልበት በታች አይተርፍም፣ ነፍሱ ግን ትተርፋለች አለች። ከዚያ መዝገቧን ገልጣ እንዴት እንደወደቀ ጠየቀች።

አዲስ ፓይለት ነው ቢላት ይበቃ ነበር። ማን ይጠራጠራል? ሐኪሙ ራሱ ከአልጋው ላይ ሆኖ፣ «ጋሼን አትጠይቂ፤ የኔ ጥፋት ነው» አለ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የሱ አፍ ግን አላመለጠውም ነበር።

«አይደለም» አለ ጠባቂው። «ንፋሱ ከምዕራብ ነበር። እኔ ምሥራቅ ነው አልኩት፣ እንደሚሳሳት እያወቅሁ። ሲሳሳትም ሬዲዮው እጄ ላይ ነበር።»

ሐኪሙ ከትራሱ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጋሼ አላለውም፤ ኢንጅነርም አላለውም።

ነርሷ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀና አለች። «ወደ ምዕራብ ነው ያሉኝ?»

«ከ» አለ። «ከ ብለሽ ጻፊ።»