የሦስት ቀን ክኒን

ጥሩሰው ገነቴን ያያት ሀቢቾ ጤና ጣቢያ በጤና ረዳትነት በተመደበ በሳምንቱ ነው፤ በ1974 ዓ.ም.። እሱ አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ የአንጋጫ ልጅ ስለሆነ ሀዲይኛው ገና ስብርብር ያለ ነበር። እሷ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ናት፤ አክስቷን ልታሳክም መጥታ ነው። ስለ እርግዝና መከላከያ ክኒን የሚያስተምራቸው እናቶች አልገባቸው ሲል፣ እባክሽ አስተርጉሚልኝ አላት።

ክኒኑ በየቀኑ አንድ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይዋጣል፤ ባል ቤት ኖረም አልኖረም። አንዱን የረሳች እንዳስታወሰች ትዋጠው። ገነቴ አንዲት ቃል ሳትጥል አደረሰችለት። ከዚያ ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ፤ የጥሩሰው ፊት በርበሬ መሰለ።

«ምን ብለሽ ነው ያሳቅሻቸው?»

«ያሉትን ነው የነገርኳቸው። እነሱ ግን ይሄ ልጅ ሚስት አለው ወይ አሉኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኔ ምን አውቄ... እርስዎ ይንገሯቸው።»

ዓመት ሳይሞላ ተጋቡ። ጥሩሰው ከሥራ ሲወጣ እንስራ ተሸክሞ ውሃ ይወርድላት ነበር። ወንድ ውሃ ይቀዳል ወይ ብለው ቢስቁበት ደንታም አልነበረው፤ እሷ ብቻ አትድከምበት።

ግን ደስታቸው አልበረከተም። የመጀመሪያ ልጃቸው፣ ምጡ ጠንቶ ሆሳዕና ከተማ በኦፕራሲዮን ሲወጣ፣ ነፍስ አልነበረውም። ሐኪሙ ጥሩሰውን ለብቻው ጠርቶ፣ ስፌቱ ሳይጠና ከፀነሰች ማህፀኗ ሊቀደድ እንደሚችል፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት መጠበቅ እንዳለባቸው አስጠነቀቀው። የሐኪሙን ቃል ነግሯት ክኒኑን በገዛ እጁ አመጣላት። ዘጠኝ ወር በሰላም ሄደ። በአሥረኛው ወር አበባዋ ቀረ።

ጥሩሰው ዓለም ጨለመበት። ልጅ ናፍቋት ሆን ብላ የተወችው መሰለው።

«ሞትሽን ነው የፈለግሽው? እኔንስ ለማን ልትተዪኝ ነው?»

ገነቴ አንገቷን ደፍታ ወደ ጓዳ ገባች። ይህ ይበልጥ አበገነው። አንድ ወር ሙሉ አኮረፋት፤ ያቀረበችለትን ሳያያት ይበላል፣ ደህና ዋልሽም አይላት። በልቡ ግን እየሞተ ነበር። ኩሩ ሰው እንዲህ ነው፣ በሚወደው ላይ ይጨክናል።

አንድ እሁድ ጠዋት እግሩ ሥር ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችው። ቀበሌው የጴንጤዎቹን ጸሎት ቤት ካሸገ በኋላ እሷና ሌሎቹ ምእመናን በየቤቱ ተደብቀው ሦስት ቀን እህል ውሃ ሳይቀምሱ ጾመው ነበር። እሱ ያን ጊዜ ለክትባት ሥራ ሀደሮ ሄዶ ነበር።

«በጾም አፌ ውስጥ ምን ላስገባ? አንተ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ነህ፤ ካወቅህ ትጠየቃለህ ብዬ ደበቅሁህ።»

«ከጾሙ በኋላስ?»

«የተረሳው ሲታወስ ይዋጣል ብለህ የለ? ሦስቱን ባንዴ ዋጥኳቸው። ወዲያው አስመለሰኝ... ግን የወጡ አልመሰለኝም።»

ጥሩሰው ከወንበሩ ወርዶ አጠገቧ ተቀመጠ። እሱ ያስተማረው አንዱን ለረሳች ነው። ሦስት ቀን የዘለለች ክኒኑን ብትቀጥልም እንኳ ሰባት ቀን ከባሏ መራቅ ወይም ኮንዶም መጠቀም እንዳለባት፣ እንደዋጠች ያስመለሳትም ሌላ መድገም እንዳለባት፣ ለነዚያ እናቶችም ለሚስቱም አንድ ቀን ተናግሮ አያውቅም። ከሀደሮ የተመለሰው ደግሞ ጾሙ በተፈታ ማግስት፣ በናፍቆት እየበረረ ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው ገነቴ። ይቅር በይኝ።»

«እኔ መች ተቀየምኩህ? ብቻ አታኩርፈኝ።»

ከዚያ በኋላ ከጎኗ አልተለየም። ዘጠነኛው ወር ሳይገባ ሆሳዕና ዘመድ ቤት ሊያስቀምጣት፣ ሐኪም አጠገብ እንድትሆን ተማከሩ። ስምንተኛው ሳያልቅ፣ በሰኔ ዝናብ፣ ሆዷን ይዛ ወደቀች። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ መኪና አልተገኘም። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸከማት። ጥሩሰው እጇን ይዞ አብሯት ይሮጣል። ብርድ ብርድ አለኝ አለችው፤ ኮቱን አውልቆ አለበሳት። ሆሳዕና ሳይደርሱ እጇ በእጁ ውስጥ ቀዘቀዘ። ልጇም አብሯት ሄደ።

ለቅሶው ላይ ሽማግሌዎቹ ከበውት፣ ሁለት ዓመት ተኩልም ቢሆን በፍቅር ኖራችኋል፣ ይህም ጸጋ ነው ብለው አጽናኑት። ጥሩሰው ቀና ብሎ አያቸው።

«አንድ ወር አኩርፌያት ነበር» አላቸው።

ያን ቀን ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ የነገረው ይህንኑ ብቻ ነበር።