የጅብሪል ማብራሪያ

«አሁን ሞክሪው» አለ በስልኩ ድምፅ ማጉያ የሚመጣው ድምፅ። «ቀስ ብለሽ ለትዬ። አንዴ ብቻ ተጫኚው።»

ለተሚካኤል ላፕቶፑ ላይ አንዴ ብቻ ተጫነችው። የቢሮው ሰው ሁሉ ሥራውን የሚያስቀምጥበት የጋራ ፎልደር ሊከፈት ያለ መሰለ። ክቧ ዞረች፣ ዞረች፣ ከዚያ ያው ነጭ ሳጥን ብቅ አለ። «መንገዱ አልተገኘም» ይላል።

ዮሃና ከጠረጴዛው ማዶ የፊዚክስ ደብተሯን ገልጣ ተቀምጣ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድ ገጽ አልገለበጠችም።

«ያው ነው ጅብሪል» አለች እናቷ። ድምፅዋ የተረጋጋ ነው። የዮሃና አባት ካረፈ ወዲህ ለተሚካኤል ስለ ችግር የምታወራው ችግሩ ካለፈ በኋላ ብቻ ነው። ዮሃና ግን የእናቷን እጅ አየች፤ አውራ ጣቷ ቀለበቷን ወዲያና ወዲህ ያዞራል።

ቅዳሜ ነው፣ አራት ሰዓት ተኩል። ለተሚካኤል ካዛንቺስ በሚገኝ የአማካሪ መሐንዲሶች ቢሮ የሕንፃ ንድፍ ትሠራለች። የአንድ ጤና ጣቢያ ንድፍ ስድስት ሰዓት ላይ ታትሞ መውጣት አለበት። የእሷ ድርሻ ከሌሎቹ መሐንዲሶች ሥራ ጋር የሚገጣጠመው እዚያ ፎልደር ውስጥ ስለሆነ ለብቻው በኢሜይል ቢላክ ዋጋ የለውም። ታክሲ ይዛ ካዛንቺስ እንዳትሄድ ደግሞ አቦይ ካሳይ አሉ። የዮሃና አያት ግማሽ ጎናቸው ከታመመ ሁለት ወር ሆኗቸዋል፤ እናቷ ካልሆነች በቀር ከአልጋቸው የሚያነሳቸው የለም። ቡልጋሪያ ሰፈር ካለው ቤቷ ሆና እንድትሠራ ቢሮው የፈቀደላትም ለዚህ ነው። ቪፒኤን የሚባለውን የቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ ጅብሪል የጫነላት ያኔ ነበር፤ ከቤት ተነስቶ በቀጥታ ቢሮ የሚገባ፣ ሌላ ሰው የማያልፍበት መንገድ ነው ብሎ አስረድቷት ነበር።

«ቪፒኤኑ ተገናኝቷል ይላል?»

«አረንጓዴ ነው።»

«እዚህ ቢሮ ላሉት ይከፈትላቸዋል። ግራ የገባ ነገር ነው እኮ!» አለ ጅብሪል። «ለትዬ፣ ማለቴ… ሌላ ቪፒኤን የተጫነበት የለም አይደል? እነዚህ ነፃ የሚባሉት? እነሱ ካሉ ኮምፒውተሩ የኛን ሰርቨር በእነሱ በኩል ሄዶ ይፈልገዋል፤ እነሱ ደግሞ አያውቁትም።»

ዮሃና እርሳሷን ጨበጠች።

«በቢሮ ላፕቶፕ ላይ?» አለች እናቷ። «ምን ነካህ ጅብሪል! ከእኔ በቀር የሚነካው የለም።»

«እሺ፣ እሺ። ላጣራ ብዬ ነው።»

ከዚያ በላይ አልጠየቀም። ለተሚካኤል የለም ካለች የለም ነው፤ ቢሮ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም።

ዮሃና ስልኳን ከደብተሩ ሥር ይዛ ለጓደኛዋ ለሜቲ ጻፈች። ትናንት ማታ እናቷ አቦይን ስታጥብ «በአገርዎ አይገኝም» እየተባለ የተዘጋባትን ተከታታይ ድራማ በላፕቶፑ ትልቅ ስክሪን ለማየት ነፃውን ቪፒኤን የጫነችው ሜቲ በላከችላት ሊንክ ነበር። አንድ ክፍል ብቻ አየች። ዘግታዋለች፤ ላፕቶፑ በተከፈተ ቁጥር ራሱን እንደሚያስነሳ ግን አላወቀችም።

«ያ አፕ የእማዬን ሥራ አበላሸው» ብላ ላከች።

ሜቲ ወዲያው መለሰች። «ኧረ አታካብጂ! አጥፊውና ላሽ በይ። ማን ነቄ ይላል?»

ስልኩ ውስጥ በር ሲከፈት ተሰማ፣ ከዚያ ወፍራም ድምፅ። የቢሮው ኃላፊ ኢንጂነር ፍሰሃ ናቸው።

«ለተሚካኤል፣ ይህ ነገር በዚህ ወር ሁለተኛው ነው።»

«አውቃለሁ ኢንጂነር። ያኔ መብራት ነበር የጠፋው።»

«ዛሬስ? ይኸው ሰው ሁሉ አንቺን እየጠበቀ ነው። ችግርሽ ይገባኛል፣ አባትሽ ናቸው። ግን ከቤት መሥራቱ ካልሆነ ካልሆነ ነው። ሰኞ ወደ ቢሮ ብትመለሺ…»

«ኢንጂነር» አለ ጅብሪል በመሃል። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ምን አድርገህ?» አሉ ኢንጂነሩ።

«ትናንት ማታ ሰርቨሩ ላይ አንድ ማስተካከያ አድርጌ ነበር። ከእሷ በኩል ምንም ችግር የለም።»

«ታዲያ ሴትዮዋን እስካሁን ምን ታደርቃታለህ?»

«እየመለስኩት ነው።»

«የሙከራ ጊዜህ ሊያልቅ ስንት ቀረህ?»

«ሁለት ሳምንት።»

«ጥሩ። የሠራኸውን ስህተት በጽሑፍ አብራራልኝ። ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ እንዳገኘው። ቋሚ ሆነህ እንድትቀጠር መፈረም አለመፈረሜን ያኔ እናያለን።» በሩ ተዘጋ።

ለተሚካኤል ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «ጅብሪልዬ…»

«አይዞሽ ለትዬ። አምስት ደቂቃ ስጪኝ፣ መልሼ እደውላለሁ።»

ከውስጠኛው ክፍል የአቦይ ሳል ተሰማ፤ ከዚያ ዱላቸው አልጋውን መታ። ለተሚካኤል ተነሳች። «ጓለይ፣ ከደወለ ጥሪኝ» ብላ ለልጇ ነግራ ገባች።

ዮሃና ደብተሯን አንስታ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች። የነፃውን ቪፒኤን ሰማያዊ ምልክት ለማግኘት ሦስት ሰከንድ አልፈጀባትም፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ ከሰዓቱ አጠገብ ናት። አጠፋቻት። «እርግጠኛ ነዎት?» አላት። አዎ አለች። ላፕቶፑን አጥፍታ አስነስታ እስኪከፈት ድረስ ዓይኗን ከውስጠኛው በር አልነቀለችም። ከዚያ የቢሮውን ቪፒኤን አገናኘች፣ ፎልደሩን ተጫነች።

ተከፈተ። የጤና ጣቢያው ንድፎች በስም በስማቸው ተደርድረው ታዩ።

«እማዬ! ይሠራል!»

እናቷ እጇን በፎጣ እየጠረገች መጣች። ለጅብሪል «ተከፈተ» ብላ ጻፈችለት። ተቀመጠችና ሥራዋን ጀመረች፤ ለአንድ ሰዓት ከመዳፊቱ ድምፅ በቀር በቤቱ ውስጥ የሚሰማ አልነበረም። አምስት ሰዓት ከአርባ ላይ የመጨረሻውን ገጽ አስገብታ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

«ጨረስኩ» አለች። «ያ ልጅ ባይኖር ሰኞ ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር። ያሳደገችው እናት ትባረክ።»

ዮሃና ፈገግ ለማለት ሞከረች። ፊቷ እምቢ አላት።

«ምነው? አመመሽ እንዴ?»

«አይ። ፊዚክሱ ነው።»

እናቷ ትኩር ብላ አየቻት፣ ከዚያ የአቦይን ምሳ ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ጠራ። ጅብሪል።

ዮሃና ሁለት ጊዜ እስኪጠራ ጠብቃ አነሳችው።

«ለትዬ! ንድፉ እየታተመ ነው፣ እንኳን ደስ አለሽ!»

«እኔ ነኝ፣ ዮሃና። እማዬ አቦይን እያበላች ነው።»

«አሃ፣ የቤቱ ባለሥልጣን! እሺ፣ አንቺም ትረጂኝ ይሆናል። ማብራሪያ ጻፍ ተብዬ ቁጭ ብያለሁ። ‹ስህተቴ› ብዬ ጀመርኩ፣ ከዚያ ስህተቱን አጣሁት።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «ትናንት የነካሁት የፕሪንተሩን ነው፤ ከፎልደሩ ጋር ምንም አይገናኝም። ለትዬን ሰኞ ቢሮ ግቢ እንዳይሏት ብዬ ነው ዘው ያልኩት። እና ምን ልጻፍ? ኢንጂነር ደግሞ ሲያነቡ መስመር በመስመር ነው። ከመከፈቱ በፊት እናትሽ ምን እንዳደረገች አይተሻል? አጥፍታ አስነሳችው?»

«አዎ» ብትል ያበቃል። አጥፍታ አስነሳችው፣ ተከፈተ። ጅብሪል ያንኑ ይጽፋል፤ ኢንጂነሩ ይፈርሙለታል ወይም አይፈርሙለትም። እውነቱን ብትነግረው ደግሞ ኢንጂነር ፍሰሃ ሰኞ የሚሉትን ከአሁኑ ሰምታዋለች፤ የቢሮ ላፕቶፕ ልጅ በሚጫወትበት ቤት አይቀመጥም ይላሉ። ያኔ አቦይን ማን ያነሳቸዋል?

ከውስጠኛው ክፍል የእናቷ ድምፅ ይሰማል። «ትንሽ ይጨምሩ አቦይ፣ አንድ ማንኪያ ብቻ።»

«ሄሎ? ዮሃና? ኔትወርኩ ሄደ እንዴ?»

«አለሁ ጋሽ ጅብሪል።»

«ኧረ ጋሽ አትበይኝ፣ ገና ሃያ አራት ዓመቴ ነው!»

«ያጠፋችው እማዬ አይደለችም» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ተሰማት።

«ማለት?»

«አንዴ ስልኩን እንዳይዘጉት። እማዬም አብራ መስማት አለባት።»

ወደ ውስጠኛው ክፍል ሄደች። እናቷ ማንኪያውን እንደያዘች ቀና ብላ አየቻት። ዮሃና ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች፤ ስልኩን ብርድ ልብሱ ላይ፣ በእሷና በእናቷ መካከል አስቀመጠችና ድምፅ ማጉያውን ተጫነች።

«ትናንት ማታ ነው» አለች።